ካንሰሩ ወጣ፣ ክንዱ አበጠ

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ ብዙ ነገር ተነግሯት ነው። ቁስሉ እንዴት እንደሚጠረግ፣ ክሩ መቼ እንደሚወጣ፣ ኬሞው መቼ እንደሚጀመር፣ ሌላው ቀርቶ ለቀጣዩ ቀጠሮ ምን ያህል ብር ይዛ መምጣት እንዳለባት። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጡቷ በወጣበት በኩል ያለው ክንዷ ወደፊት ሊያብጥ እንደሚችል።

እብጠቱ ቸኩሎ አይመጣም። አንዷ ላይ በወራት ውስጥ ይታያል፣ ሌላዋ ላይ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ። ሁሉም ነገር ተረሳ ከተባለ ከብዙ ዓመት በኋላ ብቅ የሚልበት ጊዜም አለ። መጀመሪያ ቀለበት አልወልቅም ይላል። ከዚያ የሹራቡ አንዱ እጅጌ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ሌላው ይጠብባል። ማታ ማታ ክንድ ይከብዳል፣ ጠዋት ቀለል ይላል። ለጎረቤት ስታሳይ «ብርድ መቶሽ ነው» ትባላለች። ወይ ደግሞ «ተኝተሽበት ነው»። እሷ ግን በሆዷ የምታስበው ሌላ ነው። ተመልሶ መጣብኝ እያለች ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ካንሰሩ አልተመለሰም። የመጣው ሊምፍኤዴማ የሚባል እብጠት ነው። ጨርሶ አይድንም፣ ግን ይያዛል። ደግሞ ዋናው ሕክምናው ውድ ማሽን አይጠይቅም። ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ እና የሰለጠነ እጅ ነው የሚፈልገው። አገራችን ይህን ሥራ በደንብ ታውቀዋለች። የምታውቀው ግን በእግር ነው፣ በክንድ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለዚህ ክፍተት ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ፈሳሹ መንገድ ሲያጣ

ደም በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ ትንሽ ፈሳሽ ወደ ሥጋችን ያፈተልካል። ይህ ጤናማ ነገር ነው፣ ሴሎቻችን ምግባቸውን የሚያገኙት በዚሁ ነው። ያፈተለከው ግን እዚያው መቅረት የለበትም። ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ቱቦዎች ናቸው። ከመላ ሰውነታችን በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ገደማ በዚህ መንገድ ይመለሳል። በጉዞው መሃል ፈሳሹ በንፍፊቶች በኩል ያልፋል። ንፍፊቶች የሚያጣሩ ትናንሽ ዕጢዎች ናቸው። ጉሮሯችንን ሲያመን አንገታችን ሥር የሚያብጡት እነሱ ናቸው። የክንድና የጡት ፈሳሽ በአብዛኛው የሚያልፈው በብብት ንፍፊቶች ነው።

የጡት ካንሰር ሲሰራጭም በብዛት መጀመሪያ የሚሄደው ወደነዚሁ የብብት ንፍፊቶች ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከጡቱ ጋር እነሱንም ያወጣል። አንዳንዴ 10፣ አንዳንዴ 20፣ ከዚያም በላይ። ከዚያ በኋላ ጨረር ከተጨመረ የቀሩት ቱቦዎች ጠባሳ ይይዛቸዋል። ክንዱ ግን እንደ ድሮው ደም እየተቀበለ ነው። የሚገባው አልቀነሰም፣ የሚወጣበት ጠበበ። የመንደሩ ቦይ ተደፍኖ ሳለ ክረምቱ እንደቀጠለ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሴት ላይ አይከሰትም? ሰውነት መውጫ ይፈልጋላ። ጎን ለጎን ያሉ ቱቦዎች ይሰፋሉ፣ ፈሳሹ በትከሻ በኩል ዞሮ ይሄዳል። አንዳንዷ ላይ ይህ መተላለፊያ ዕድሜ ልክ ይበቃል። ሌላዋ ላይ የሆነ ቀን አንድ ነገር ሲጨመርበት፣ ቁስል ሲያመረቅዝ ወይም ውፍረት ሲመጣ፣ አቅም ያጣል።

የተጠራቀመው ፈሳሽ ደግሞ ተራ ውሃ አይደለም። ፕሮቲን አለው። ቆዳ ሥር ሲከርም ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይቆጣዋል። ቀስ በቀስ ፈሳሹ የነበረበት ቦታ በስብና በጠባሳ ሥጋ ይተካል። መጀመሪያ ላይ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀረው ክንድ፣ ከዓመታት በኋላ ቢጫኑት አይጎደጉድም። ጠንክሯል። ሐኪሞች በሽታውን ከዜሮ እስከ ሦስት በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። ዜሮ የሚሉት በዓይን ምንም ሳይታይ «ከበደኝ» ብቻ የሚባልበትን ነው። ከፍተኛውን ጥቅም የሚሰጠው ሕክምና ያን ጊዜና በደረጃ አንድ ላይ የተጀመረው ነው። የሚያሳዝነው ነገር፣ ብዙዋ ሴት የምትታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ችግሩ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ ጡቱን፣ የደረቱን ጡንቻና የብብቱን ንፍፊቶች ባንድ ላይ ጠርጎ የማውጣትን ቀዶ ሕክምና አስለመደ። ብዙ ሕይወት ተረፈ፣ ብዙ ክንድም አበጠ። ሃልስቴድ ራሱ በ1921 ስለ እብጠቱ ሲጽፍ «የቀዶ ሕክምና ዝሆኔ» የሚል ስም ሰጥቶታል። ይህን ስም ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ትንሽ መቁረጥ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አስተሳሰቡ ተለወጠ። ጥያቄው «ስንቱን እናውጣ?» መሆኑ ቀረና «ስንቱን እንተው?» ሆነ። ከጡት የሚመጣው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርስባቸው አንድ ሁለት ንፍፊቶች አሉ። ሴንቲነል ይባላሉ። ሰማያዊ ቀለም ወይም ትንሽ ጨረር ያለው ፈሳሽ ጡት ላይ ተወግቶ የት እንደደረሰ ይታያል። እነዚያ ብቻ ወጥተው ይመረመራሉ። ካንሰር ከሌለባቸው ሌላው ብብት ሳይነካ ይቀራል።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ2013 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያየ ትንታኔ፣ ብብታቸው ሙሉ በሙሉ ከተጠረገላቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ክንዷ እንዳበጠ አሳየ። ሴንቲነል ብቻ ከወጣላቸው ግን 5.6 በመቶ ናቸው። ከዚያም ወዲህ ነገሩ የበለጠ ሄዷል። በ2011 ውጤቱ የወጣ ዚ11 የሚባል የአሜሪካ ጥናት፣ ጡታቸው ሳይወጣ የካንሰሩ እጢ ብቻ በተነሳላቸው ሴቶች ላይ፣ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲነል ላይ ካንሰር ቢገኝ እንኳ ብብትን ሁሉ መጥረግ በሕይወት ዕድሜ ላይ ያመጣው ጥቅም እንደሌለ አሳየ። አማሮስ የተባለው የአውሮፓ ጥናት ደግሞ በ2014 ከመጥረግ ይልቅ ብብትን በጨረር ማከምን አነጻጸረ። ከአምስት ዓመት በኋላ የእብጠት ምልክት የታየው ከተጠረጉት 23 በመቶው ላይ ነው፣ ጨረር ካገኙት 11 በመቶው ላይ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ዜና ነው። ግን ለማን? በእነዚያ ጥናቶች የገቡት እጢያቸው ትንሽ ሆኖ የተገኘላቸው ሴቶች ናቸው። በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ከሴቶች ካንሰር ሁሉ አንደኛ ነው፣ የ2020 ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ታካሚ ያስቀምጣል። አብዛኞቹ የሚመጡት ዘግይተው ነው። እጢው አድጎ፣ የብብቱ ንፍፊት በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ ሆኖ። እንዲህ ሲሆን የሴንቲነል ዘዴ አይሠራም። ሐኪሙ ብብቱን መጥረግ አለበት። በዚያ ላይ ጨረሩ አለ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። አሁን ሌሎችም ተከፍተዋል፣ ወረፋው ግን አሁንም ሰውን ያማርራል።

እንግዲህ እብጠትን አስቀድሞ የሚከላከለው ዘዴ፣ ማለትም ትንሽ መቁረጥ፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ለጥቂቷ ነው። ትልቁ ሸክም ያለው ሌላው ጋ ነው። በተጠረገ ብብት ለዓመታት መኖር ባለባት ሴት ላይ።

ለእግር የሚታወቀው ሥራ

አሁን ሃልስቴድ ወደሰጠው ስም እንመለስ። ዝሆኔን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በወላይታ፣ በጎጃም፣ በሌሎችም ደጋማ ቦታዎች፣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ እያረሰ የኖረ ሰው እግሩ ያብጣል። ሳይንሱ ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ያቆስላሉ። ቱቦው ይዘጋል፣ እግሩ ይነፋል። አንዳንድ ቤተሰብ ላይ የሚበዛበትም ምክንያት ተገኝቷል። በ2012 በወላይታ ሕዝብ ላይ የተሠራ የዘረ መል ጥናት ተጋላጭነት በውርስ እንደሚመጣ አሳይቷል። በአገሪቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል።

መነሻው ከካንሰር ቀዶ ሕክምና ጋር አይገናኝም። አንዱን አፈር አመጣው፣ ሌላውን ምላጭ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን አንድ ነው። ቱቦ ተበላሸ፣ ፈሳሽ ተጠራቀመ፣ ቆዳ ጠነከረ፣ ቁስል ሲያገኝ አመረቀዘ። ሕክምናውም ዘመድ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታካሚዎችን ይዞ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ ውጤቱ በ2018 የታተመ። ታካሚዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ወዲያው፣ ግማሹ ከዓመት በኋላ እንክብካቤ ጀመረ። እንክብካቤው የሚገርም ቀላል ነው። እግርን ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ። የሚያስተምሩትም ልዩ ሐኪሞች አይደሉም። በእነዚህ ሰዎች ላይ ትልቁ ስቃይ እግሩ ድንገት የሚቀላበት፣ የሚያቃጥልበት፣ ትኩሳት የሚያመጣበትና አልጋ ላይ የሚጥልበት ግርሻ ነው። እንክብካቤ ያልጀመሩት በነፍስ ወከፍ በዓመት 24 ጊዜ ገደማ ሲያገረሽባቸው የጀመሩት ላይ 19 ጊዜ ገደማ ሆነ። ልዩነቱ ለከተማ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። በዓመት አምስት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ምን ማለት እንደሆነ ግን ገበሬ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ነው የምቆጨው። የዝሆኔ እንክብካቤ ያለው በሐሩር በሽታዎች በኩል ነው። የካንሰሩ ሥራ ያለው በካንሰር በኩል ነው። በጀቱ ሌላ፣ ሥልጠናው ሌላ። በአንድ ከተማ ውስጥ ፋሻ አጠቃቀም አሳምራ የምታውቅ ሲስተር እያለች፣ ክንዷ ያበጠባት የካንሰር ታካሚ ግን «ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ዋናው ነፍስሽ ተርፏል» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ነፍስ መትረፉ እውነት ነው። እንጀራ የምትጋግርበት፣ ልጅ የምታቅፍበት ክንድ ግን ከነፍስ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው።

የእግሩ እንክብካቤ ለክንድ እንዳለ ይገልበጥ እያልኩ አይደለም። ለአፈር ቁስል የሚደረገው በበረኪና የተበረዘ ውሃ መዘፍዘፍ ለንጹሕ ክንድ አያስፈልግም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሐኪም ካንሰሩ ተመልሶ ብብት ውስጥ ቱቦውን አለመጫኑን ማየት አለበት። ድንገት በአንድ ሁለት ቀን ያበጠ፣ የሚያም፣ የጠቆረ ክንድ የደም መርጋት ሊሆንም ይችላል፣ ያ ሌላ ሕክምና ነው። እነዚህ ከተጣሩ በኋላ ግን የቀረው ሥራ የፋሻ ሥራ ነው።

ፋሻው

ሥራው ሁለት ምዕራፍ አለው። አንደኛው ማጉደል ነው፣ ሁለተኛው የጎደለውን መጠበቅ።

በማጉደሉ ጊዜ ፊዚዮቴራፒስቱ መጀመሪያ ቆዳውን በስሱ ያሻል። ይህ ማሸት የዴንማርኩ ኤሚል ቮደር በ1930ዎቹ የጀመረው ነው። ሲያዩት ሥራ አይመስልም። እጁ ቆዳውን ገፋ፣ ለቀቅ፣ ገፋ፣ ለቀቅ ያደርገዋል፣ ጡንቻውን አይነካም። የሚጀምረውም ካበጠው ክንድ ሳይሆን ከአንገትና ከጤነኛው ብብት ነው፣ መውጫው ቀድሞ እንዲከፈት። ወጌሻ ቤት የሚደረገው አጥብቆ መታሸት የዚህ ተቃራኒ ነው። ቆዳ ሥር ደም ሊያፈስ፣ እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል። ወጌሻ ለውልቃት ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግን አይደለም።

ከዚያ ቅባት። ከዚያ ለክንዱ ሙሉ ስስ የጥጥ እጅጌ። ጣቶች አንድ በአንድ በቀጭን ጨርቅ ይጠቀለላሉ፣ ጫፋቸው ክፍት ሆኖ። ቀለማቸውን ለማየት ነው፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ፋሻው ጠብቋል ማለት ነው። በላዩ ለስላሳ መደላድል፣ በተለይ ክርን ላይ። መጨረሻ ላይ ፋሻው ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወለም ላለው ቁርጭምጭሚት የሚሸጠው እንደ ጎማ የሚለጠጠው ፋሻ ለዚህ አይሆንም። የሚፈለገው ብዙም የማይለጠጥ ነው። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ጡንቻው ያብጣል፣ ፋሻው አይለቅም፣ በመሃል ያለው ፈሳሽ ይገፋል። ተቀምጦ ሲታረፍ ግን አያስጨንቅም። ጥብቀቱ እጅ ላይ ይበልጣል፣ ወደ ትከሻ ሲወጣ ይላላል። ከተገለበጠ ፈሳሹ ወደ ጣት ይወርዳል።

ይህ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ሳምንት ይደጋገማል። ክንዱ የሚችለውን ያህል ሲጎድል ሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል፣ ጥብቅ እጅጌ። ክንዱን አጥብቆ የሚይዝ፣ ቀን ቀን የሚለበስ ልብስ ነው። መጠበቁ ከቀረ ክንዱ ይመለሳል። ሳንወድ ልንለምደው የሚገባው እውነት ይሄ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን «ተሻለኝ» ብሎ እንደማይተወው ሁሉ፣ ይሄም አይተውም።

የሽንት መድኃኒትስ? ፋርማሲ ሄዶ ላሲክስ መግዛት የተለመደ ነው። እብጠት የተባለን ሁሉ የሚያወርድ ይመስላል። እዚህ ግን ችግሩ ፕሮቲኑ ነው፣ ውሃው ለጊዜው ቢቀንስ ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል፣ ውሃውንም መልሶ ይስባል። ለዚህ በሽታ አይመከርም።

አንሺ ወይስ አታንሺ

ድሮ ክንዷ ያበጠባት ሴት «ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሺ» ትባል ነበር። አሁንም የሚል አለ። ጀሪካን ለምታነሳ፣ ሊጥ ለምታቦካ ሴት ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚሠራ አስቡት።

በ2009 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን አንድ ዓመት ተከታተሉ። ግማሾቹ ጥብቅ እጅጌ ለብሰው፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ከትንሽ ጀምረው ቀስ እያሉ ክብደት አነሱ። ክንዳቸው አልባሰም። እንዲያውም እብጠቱ የገነፈለባቸው 14 በመቶ ሲሆኑ ባላነሱት ላይ 29 በመቶ ሆነ። ቁልፉ «ቀስ እያሉ» የሚለው ላይ ነው። ለስድስት ወር ምንም ሳትነካ ቆይታ ለበዓል በአንድ ቀን ቤቱን ሁሉ የምታነሳ ሴት ክንድ ይቆጣል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚሠራ ክንድ ግን ይጠነክራል።

ሌላው ክልከላ የደም ግፊት መለካትና መርፌ ነው። በዚያ ክንድ በፍጹም እየተባለ አንዳንዷ ሴት ሕይወቷን ሙሉ ስትሰጋ ትኖራለች። በቦስተን በ632 ሴቶች ላይ የተደረገና በ2016 የወጣ ክትትል፣ ደም መቀዳት፣ መርፌ፣ የደም ግፊት መለካትና በአውሮፕላን መጓዝ ከእብጠት ጋር ግልጽ ግንኙነት አላሳዩበትም። ግንኙነት ያሳዩት የብብት መጠረግ፣ ውፍረትና የቆዳ ኢንፌክሽን ናቸው። ሌላው ክንድ ካለ እሱን መስጠት አይከፋም። አማራጭ ጠፍቶ ነርሷ ከተጠቀመችበት ግን ዓለም አልፏል ማለት አይደለም።

እኔ ከክልከላዎች ሁሉ የማስቀድመው ቆዳን ነው። ምጣድ ላይ መቃጠል፣ ሽንኩርት ሲከተፍ መቆረጥ፣ ጥፍር ሲነሣ መላጥ። ለጤነኛ ክንድ ምንም ነው። ለዚህ ክንድ ግን የባክቴሪያ በር ነው። ቁስሉ ይታጠብ፣ ይሸፈን፣ ይታይ። ቆዳው በድንገት ከቀላ፣ ከጋለ፣ ብርድ ብርድ ካለና ትኩሳት ከመጣ ነገ አይባልም። ምች ነው፣ ወባ ነው ሲባል ስንት ሰዓት ይባክናል። በዚያው ቀን ፀረ ባክቴሪያ መጀመር አለበት፣ እያንዳንዱ ኢንፌክሽን ከቀሩት ቱቦዎች ጥቂቱን ይዞ ነው የሚሄደው። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ ለዓመታት ባበጠ ክንድ ላይ ሳይመታ እንደ በለዘ ቦታ ወይንጠጅ ቀለም የሚታይበት ጊዜ አለ። ያንን ሐኪም ይየው፣ ሌላ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ቀዶ ሕክምናም አለ። ፀጉር በሚያክል ክር የሊምፍ ቱቦን ከደም ሥር ጋር መስፋት፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ንፍፊት አምጥቶ ብብት ውስጥ መትከል፣ በስዊድን ማልሞ ከተማ የዳበረው ደግሞ የጠነከረውን ስብ መምጠጥ። ስብ ከተመጠጠም በኋላ ጥብቅ እጅጌው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ባለሙያውና ማይክሮስኮፑ ባሉበት አገር ጥሩ ነው።

ከአሜሪካ የሚላከው እጅጌ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥብቅ እጅጌ መፈለግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ውጭ ወዳለ ዘመድ ይደውላል። «እጅጌ ላኩልን»። ዘመድም ከኢንተርኔት መካከለኛ ቁጥር ገዝቶ በሻንጣ ይልካል። ልብሱ ደርሶ ወይ ይላላል፣ ወይ ክንድ መሃል ገመድ ይሆናል። ገመድ የሆነ እጅጌ ከምንም ይብሳል።

ከመገዛቱ በፊት ልኬት ይላክ። በልብስ ሰፊ ሜትር የእጅ አንጓ ዙሪያ፣ የክንዱ ወፍራሙ ቦታ ዙሪያ፣ ክርን፣ ከክርን በላይ፣ ከዚያ ከአንጓ እስከ ብብት ያለው ርዝመት። ልኬቱ የሚወሰደው ጠዋት ነው፣ በተቻለ መጠን ደግሞ ክንዱ በፋሻ ከጎደለ በኋላ። ባበጠው ልክ የተገዛ እጅጌ ያበጠውን ክንድ ይዞ ይቀመጣል። የእጅ ጀርባና ጣት ካበጠ እጅጌው ብቻውን አይበቃም፣ የእጅ ጓንቱም አብሮ ይገዛ። አለበለዚያ ፈሳሹ ሁሉ ተገፍቶ መዳፍ ላይ ይቆማል። ለቀላል እብጠት በብዛት የሚታዘዘው ጥብቀት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት መለኪያ) ነው፣ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ያጽድቀው። በየቀኑ የሚለበስና የሚታጠብ እጅጌ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ይላላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተልኮ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ብዙ ያልተወራ ለውጥ አለ። ሜዲኬር፣ በተለይ ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ለእነዚህ ልብሶች ለዘመናት አይከፍልም ነበር። በ2022 መጨረሻ ኮንግረስ ሕግ አወጣ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይከፍላል። ለአንድ የሰውነት ክፍል በየስድስት ወሩ ሦስት የቀን ልብስ፣ በየሁለት ዓመቱ ሁለት የማታ ልብስ። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ልጆቿ ጋ ሆና በሜዲኬር የምትታከም እናት ካለቻችሁ፣ እጅጌውን ከኪሳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪሟን ጠይቁ።

ሜትሩ ከቢላዋው ይቅደም

ለሆስፒታሎች የምለው አጭር ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለቱም ክንዶች ይለኩ። ከአንጓ ጀምሮ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ በተራ ሜትር። ቁጥሩ ካርዷ ላይ ይጻፍ። ለኬሞ ስትመጣ፣ ለክትትል ስትመጣ እንደገና ይለካ። ሥራው ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፣ ሐኪምም አይጠይቅም። ያበጠ በሚመስለው ክንድ ላይ ብቻ ከኋላ መለካት ብዙ አይጠቅምም፣ ምክንያቱም የምንሠራበት ክንድ ከመጀመሪያውም ከሌላው ትንሽ ይወፍራል። ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር የሁለት ሴንቲ ሜትር ለውጥ ከታየ ግን ወደ ፊዚዮቴራፒ መላክ ነው፣ ክንዱ ገና ለስላሳ ሳለ።

ቀዶ ሕክምናው ላለፋቸው ደግሞ አንድ ወረቀት አለ። ከእጢው ምርመራ ጋር የሚመጣው የፓቶሎጂ ውጤት ከብብት ስንት ንፍፊት እንደወጣ፣ ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ካንሰር እንደተገኘበት ይናገራል። ብዙ ሰው የሚያየው ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያውንም ጠይቁ። 2 ከሆነና 20 ከሆነ ክንዱን የምትጠብቁበት ትኩረት አንድ አይደለም። የወረቀቱን ቅጂ አስቀሩ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ክንዱ ቢያብጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።